በውኃና በአቧራ የሚያደፍጡ ሁለት አዳኞች

አዳኝ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አንበሳንና ነብርን ነው። ነገር ግን ከእግራችን ሥር ጥፍር የሚያህሉ አዳኞች መኖራቸውን በባዮሎጂ ትምህርት ስለ ተረዳሁ፣ ከእነርሱ ሁለቱን አነጻጽሬ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ።

የመጀመሪያው ፈረንጆች «የጉንዳን አንበሳ» የሚሉት ነው። እጩ የሚኖረው ዝናብ በማይነካው ደረቅ አሸዋና ትቢያ ውስጥ ነው። ከትምህርት ቤታችን ግድግዳ ሥር፣ ከጣሪያው ክፈፍ በታች፣ የተገለበጠ የመሶብ ክዳን የሚመስሉ ትንንሽ ጉድጓዶች አይቻለሁ። እጩ ወደ ኋላ እየሄደ ዙሪያውን ይቆፍርና ከሥር ተቀብሮ፣ መንጋጋውን ከፍቶ ይጠብቃል። ጉንዳን ከአፋፉ ስትንሸራተት በራሱ አሸዋ እየወረወረ ያወርዳታል። ከዚያም በመንጋጋው ወግቶ ሥጋዋን የሚያሟሟ ፈሳሽ ይጨምርባትና ይመጥጣታል።

ሁለተኛዋ ድራጎንፍላይ የምትባለው፣ አራት ክንፍ ያላት የወንዝ ዳር በራሪ ናት። ልጅነቷን የምታሳልፈው ግን በውኃ ውስጥ ነው። እጯ ጉድጓድ አትቆፍርም፤ ወጥመዷ ከአካሏ ጋር ነው። የታችኛው ከንፈሯ እንደ ክንድ ታጥፎ ከአገጯ ሥር ይቀመጣል፤ የትንኝ እጭ ሲቀርባት ከዐይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ተወርውሮ ይይዘዋል። የምትተነፍሰው በአንጀቷ መጨረሻ ባለው ስንጥብ ነው፤ ውኃውን በኀይል ወደ ኋላ ስትተፋው ደግሞ ወደ ፊት ትወረወራለች።

ሁለቱም አድፍጠው ያድናሉ፤ አድገው ክንፍ ሲያወጡም በመልክ ይመሳሰላሉ። የአስተዳደጋቸው መንገድ ግን ይለያያል። የጉንዳን አንበሳ የሐር ክር ፈትሎ፣ በድቡልቡል ቤት ውስጥ ሙሽሬ ሆኖ ይለወጣል። ድራጎንፍላይ ግን ሙሽሬ ሳትሆን ከውኃው ወደ ሣር ወጥታ፣ ቆዳዋን ሰንጥቃ ትበራለች።

ምናልባት «ትንኝ የምትበላ ከሆነች ወባን ታጠፋልናለች» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በአገራችን ዋነኛዋ የወባ ትንኝ የምትፈለፈለው ዝናብ አቁሮት ፀሐይ በሚያገኘው ጥቂት ውኃ ውስጥ ሲሆን፣ በ2 ሳምንት ገደማ አድጋ ትበራለች። አብዛኞቹ የድራጎንፍላይ እጮች ግን ለማደግ ወራት ያስፈልጓቸዋል፤ ኩሬው ቀድሞ ይደርቅባቸዋል። ስለዚህ የቆመውን ውኃ ማፋሰስና በአጎበር መተኛት የእኛው ሥራ ነው። ወንዛችንን በቆሻሻና በመርዝ አለመበከል ደግሞ ለዚህች ትንሽ ረዳታችን የምንከፍላት ደመወዝ ነው እላለሁ።