የዘወትርና የክት አውቶሞቢል፤ የዋጋቸውና የጥገናቸው ንጽጽር

ልብስ የዘወትርና የክት ተብሎ እንደሚለይ ሁሉ አውቶሞቢልም በሁለት ወገን ሊከፈል ይችላል። የዘወትር የምንለው በብዛት የሚሠራውን፥ ብዙ ሕዝብ የሚገዛውንና ለዕለት ሥራ የሚውለውን ነው፤ ቶዮታ ኮሮላ፥ ቶዮታ ካምሪ፥ ሆንዳ አኮርድና ሂዩንዳይ ኤላንትራ ከዚህ ወገን ይቈጠራሉ። የክት የምንለው ደግሞ ከመጓጓዣነቱ በላይ ለምቾት፥ ለፍጥነትና ለክብር ታስቦ የተሠራውን ነው፤ መርሴዲስ ቤንዝ፥ ቢ.ኤም.ደብልዩ፥ አውዲና ሌክሰስ የሚያወጧቸው ከዚህኛው ወገን ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚነጻጸሩት ከሁለቱም ወገን ሴዳን የሚባሉት፥ ማለት አራት በር ያላቸውና የዕቃ መጫኛቸው ከመቀመጫው ተለይቶ በስተኋላ የሚገኘው አውቶሞቢሎች ናቸው።

ነገሩ ለተማሪ ሩቅ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን አንድ ቤተ ሰብ በዕድሜው ከሚገዛቸው ነገሮች ሁሉ ከቤት ቀጥሎ ውድ የሆነው አውቶሞቢል ነው። ለእርሱ የሚወጣው ገንዘብ የብዙ ዓመት ቁጠባ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ለልጆች ትምህርት ሊውል ይችል የነበረ ገንዘብ ነው። በክፍላችን የምንማረው መደመርና ማካፈል፥ የመቶኛም ስሌት እዚህ ላይ ካልጠቀመን የት ሊጠቅመን ነው?

ሀ) ወጪው በምንና በምን ይከፈላል?

አውቶሞቢል የገዛ ሰው የመግዣውን ዋጋ ሲከፍል ትልቁ ወጪ ያለቀ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን ወጪው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይቀጥላል። አንደኛው በዓይን የሚታየው ነው፤ ይኸውም ነዳጅ፥ ዘይት፥ ጎማ፥ መድን፥ ዓመታዊ ምርመራና የጋራዥ ሒሳብ ነው። ሁለተኛው ከኪስ ሲወጣ የማይታየው የእርጅና ቅናሽ ነው። የእርጅና ቅናሽ ማለት መኪናው በተገዛበትና ወደፊት በሚሸጥበት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ይህ የማይታየው ወጪ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለማወቅ የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ስሌት እንመልከት። አዲስ መኪና ገዝቶ በዓመት 15,000 ማይል፥ ማለት 24,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚነዳ ሰው በአማካይ በዓመት 12,182 ዶላር ያወጣል። ከዚህ ውስጥ 4,538 ዶላሩ የእርጅና ቅናሽ ነው። ይኸውም ከመቶ 37 ያህል መሆኑ ነው። ከነዳጁም ሆነ ከጥገናው የሚበልጠው ይህ ነው ማለት ነው።

ለ) ሁለቱ በሒሳብ ሲወዳደሩ

ለምሳሌ የአሜሪካን ገበያ እንወስዳለን፤ የዋጋና የጥገና ግምት በሰፊው የሚታተመው በዚያ ነውና። በ2019 ሞዴል ዝቅተኛው ካምሪ በአዲስነቱ ወደ 24,000 ዶላር፥ ቢ.ኤም.ደብልዩ 330 አይ ደግሞ ወደ 40,000 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሪፔርፓል የተባለው የጥገና ዋጋ ገማች ድርጅት በልዩ ልዩ ዕድሜ ያሉትን መኪናዎች በአማካይ አስልቶ፥ የዓመቱ ጥገና ለቶዮታ 441 ዶላር፥ ለሌክሰስ 551፥ ለመርሴዲስ ቤንዝ 908፥ ለቢ.ኤም.ደብልዩ 968 ዶላር ይሆናል ብሎ አትሟል።

አሁን ለስሌት እንዲመቸን የዘወትሩ በ5 ዓመት ውስጥ ከዋጋው ከ10 እጅ 4 እጅ፥ የክቱ ደግሞ ከ10 እጅ 5 እጅ ያጣል እንበል። ይህ ለምሳሌ የተወሰደ ግምት ነው።

የዘወትሩ፦ 9,600 ÷ 5 = 1,920፤ 1,920 + 441 = 2,361 ዶላር በዓመት።
የክቱ፦ 20,000 ÷ 5 = 4,000፤ 4,000 + 968 = 4,968 ዶላር በዓመት።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዓመት 2,607 ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ ጥገናው ያመጣው 527 ዶላር ብቻ ሲሆን የቀረው 2,080 ዶላር፥ ማለት ከ5 እጅ 4ቱ እጅ ያህል፥ የእርጅና ቅናሽ ነው። እንግዲህ አዲስ የክት መኪና የገዛን ሰው በብዙ የሚጎዳው ጋራዡ ሳይሆን ጊዜው ነው።

ያገለገለ መኪና የሚገዛው ሰው ግን ሌላ ሒሳብ ይገጥመዋል። ትልቁን የእርጅና ቅናሽ የመጀመሪያው ባለቤት ስለ ከፈለለት መኪናው በርካሽ ይደርሰዋል። ጥገናው ግን አብሮ አይረክስም። 968 ዶላር ከ40,000 ዶላር መቶኛው 2.4 ብቻ ነው። ያው መኪና አርጅቶ ዋጋው 14,400 ዶላር ሲደርስ መቶኛው 6.7 ይሆናል፤ 5,000 ዶላር ሲደርስ ደግሞ 19.4፥ ማለት የመኪናው ዋጋ አንድ አምስተኛ ያህል ይሆናል። ያውም መኪና ሲያረጅ ጥገናው ከአማካዩ በላይ ስለሚወጣ ይህ ስሌት ዝቅ ያለው ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ትምህርት እናገኛለን። የመኪና ዋጋ ያረጃል፥ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አያረጅም። የመጀመሪያው ገዥ እርጅናውን ይከፍላል፤ ሁለተኛው ገዥ ጥገናውን ይከፍላል።

ሐ) የክቱ ጥገና ስለ ምን ይወደዳል?

አንደኛው ምክንያት የብዛት ጉዳይ ነው። ኮሮላ በ1966 እ.ኤ.አ. መሠራት ከጀመረ ወዲህ እስከ 2021 ድረስ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ይህን ያህል ብዛት ላለው መኪና ፊልትሮም ሆነ የፍሬን ሸራ ወይም ኩሽኔታ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ብዙ ስለ ሆኑ እርስ በርሳቸው ይወዳደራሉ፤ ስለዚህም ዋጋው ይወርዳል። በጥቂቱ ለሚሠራ መኪና ግን አማራጩ ጠባብ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የአሠራሩ ውስብስብነት ነው። ጥቂት ምሳሌዎችን ብንሰጥ፥ ባለ 2.5 ሊትሩ የካምሪ ሞተር ዘይት ሲለወጥለት 4.5 ሊትር ይበቃዋል፤ ባለ 6 ሲሊንደሩ የቢ.ኤም.ደብልዩ ሞተር ግን 6.5 ሊትር ይጠጣል። ብዙዎቹ የቢ.ኤም.ደብልዩ ሴዳኖች ቢተነፍስም ለጥቂት መንገድ የሚሄድ ልዩ ጎማ ይዘው ስለሚወጡ ተቀያሪ ጎማ የላቸውም፤ ይህም ጎማ ከተለመደው ይወደዳል። ባትሪ እንኳ ሲለወጥ ለመኪናው ኮምፒዩተር በመሣሪያ መመዝገብ አለበት፤ ያለዚያ ኮምፒዩተሩ አዲሱን ባትሪ እንደ አሮጌው እየቈጠረ ይሞላዋል።

በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የመርሴዲስ ቤንዝ ኤስ-ክላስ በብረት ሞላ ፈንታ አየር በተሞላ ከረጢት ላይ እንዲቀመጥ ተደርጎ ተሠራ። ምቾቱ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ከረጢቱ ሲያረጅ አየር ያስተነፍሳል፥ አየር የሚሞላውም ፓምፕ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይቃጠላል። በ2002 የወጣው ኢ-ክላስ ደግሞ በኤሌክትሪክ ትእዛዝ የሚሠራ ፍሬን ተገጠመለት። በ2004 ይህ ፍሬን ያለባቸው 680,000 ያህል መኪናዎች ለእርማት ተጠሩ፤ በ2006 ኩባንያው ራሱ ኢ-ክላስን ወደ ቀድሞው ዓይነት ፍሬን መለሰው። ያን ጊዜ የተሠሩት መኪናዎች ግን ከነፍሬናቸው ከእጅ ወደ እጅ መሸጣቸው አልቀረም።

ሆኖም የክት ስም ያለው ሁሉ ለብልሽት የተጋለጠ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። አንድ የግሪክ ታክሲ ነጂ በ1976 የተሠራ መርሴዲስ 240 ዲ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቶ በ2004 ለኩባንያው ሙዚየም አስረክቧል። ሞተሩ በየጊዜው እየተለወጠና እየታደሰ የተነዳ ቢሆንም፥ ያ መኪና አሠራሩ ቀላል፥ ማንኛውም መካኒክ ሊፈታውና ሊገጥመው የሚችል ነበር። ልዩነቱን ያመጣው እንግዲህ የስሙ ክብር ሳይሆን በውስጡ ያለው መሣሪያ ነው።

መ) የሁለት ዘመዳሞች ምስክርነት

ይህን ነገር ከሁሉ ይበልጥ የሚያስረዱት ካምሪና ሌክሰስ ኢ.ኤስ. ናቸው። የቶዮታ ኩባንያ ሌክሰስ የሚለውን ስም በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲያስተዋውቅ ኢ.ኤስ. 250ን የሠራው ከካምሪ ወስዶ ነው። በ2019 ሞዴልም ሁለቱ በአንድ ዓይነት መሠረት ላይ የታነጹ ነበሩ። ባለ 6 ሲሊንደሩ ካምሪና ኢ.ኤስ. 350 አንድ ዓይነት 3.5 ሊትር ሞተር ነበራቸው። ከ2015 ጀምሮም ኢ.ኤስ. 350 ካምሪ በሚሠራበት በኬንታኪው የጆርጅታውን ፋብሪካ መሠራት ጀምሮ ነበር።

የ2019 ኢ.ኤስ. 350 ዋጋ ወደ 40,000 ዶላር ስለ ነበረ ከቢ.ኤም.ደብልዩ 330 አይ ብዙ አይራራቅም። የሁለቱን ኩባንያዎች አማካይ ጥገና ስናይ ግን ሌክሰስ ከቶዮታ የሚበልጠው በዓመት በ110 ዶላር ብቻ ነው፤ ቢ.ኤም.ደብልዩ ግን በ527 ዶላር ይበልጠዋል። የመግዣ ዋጋቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት የክት መኪናዎች በጥገና ይህን ያህል መለያየታቸው የሚያስገርም አይደለም፤ አንደኛው በሆዱ የያዘው የዘወትሩን ሞተር ነውና። ነገር ግን የፊት መብራቱ፥ መስታወቱና የውጭ አካሉ የራሱ የሌክሰስ ስለ ሆነ፥ ቢጋጭ ሒሳቡ እንደ ክቱ ይቈጠራል።

ሠ) የክቱ ገንዘብ ከንቱ ነውን?

አይደለም። ጸጥታው፥ የመቀመጫው ምቾትና በፍጥነት ጊዜ ያለው እርጋታ በገንዘብ የማይለካ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ዛሬ ሕይወት የሚያተርፉልን ብዙ መሣሪያዎች መጀመሪያ የተሞከሩት በክት መኪናዎች ላይ ነው። ጎማ በፍሬን እንዳይቈለፍና እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ኤ.ቢ.ኤስ. በ1978 በመርሴዲስ ኤስ-ክላስ መጣ። መኪና በመታጠፊያ ላይ ከመስመሩ እንዳይወጣ የሚያግዘው መሣሪያም በ1995 በዚያው ኩባንያ መኪና ላይ ወጣ፤ በአሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በቀላል መኪናዎች ሁሉ ላይ እንዲኖር በሕግ ታዘዘ። ስለዚህ የዛሬው የክት የነገው የዘወትር ነው። የዘወትሩም ካሜራና ሴንሰር እየበዛበት ሲሄድ የጥገናው ዋጋ ወደ ክቱ መጠጋቱ አይቀርም።

ረ) ይህ ሁሉ ለአገራችን ምን ይነግረናል?

በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን የተገዛው ያገለገለ መኪና ስለ ሆነ ብዙዎቻችን በሒሳቡ ውስጥ የምንገኘው በሁለተኛው ገዥ ቦታ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ የሚከፈለውን ታክስ ከአዲሶቹ አብልጦታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። ስለዚህ ቀድሞ የገቡት የቤንዚን ሴዳኖች በጥገና ረጅም ዕድሜ እንዲያገለግሉ ያስፈልጋል።

ይህ በሆነበት ጊዜ የመኪና እውነተኛ ዋጋው በሁለት ነገር ይለካል፤ መለዋወጫው በመገኘቱና የሚያውቀው መካኒክ በመኖሩ። ዲኤክስ እያልን የምንጠራው አሮጌ ኮሮላ ዋጋውን ጠብቆ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዕቃው በመርካቶ ሶማሌ ተራ ይፈለግለታል፥ የሚፈታውም መካኒክ በየሰፈሩ አለ። የአየር ከረጢቱ የተነፈሰ የክት መኪና ግን ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ድረስ በግቢ ይቆማል። ቆሞም ቢሆን መድኑና ዓመታዊ ክፍያው አይቆምም። በታክሲ ሥራ ለሚተዳደር ቤተ ሰብ ደግሞ የቆመ መኪና ማለት ያልገባ ገቢ ማለት ነው።

የመንገዳችንም ጠባይ መታሰብ አለበት። ቶዮታ በአሜሪካ ለሚሸጣቸው ብዙ መኪናዎች የዘይት መለወጫውን 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲያደርግ፥ በአቧራማ መንገድ ለሚነዱት ግን ወደ 8,000 ያሳጥረዋል። ጎናቸው አጭር የሆነ የክት ጎማዎችም ጉድጓድ ሲያገኛቸው ቸርኬው ቶሎ ይጎዳል።

ስለዚህ ወላጆቻችንም ሆኑ ነገ ገዥ የምንሆን እኛ ተማሪዎች ያገለገለ መኪና ከመግዛታችን በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በወረቀት ላይ ጽፈን ብንመልስ ይጠቅመናል።

1ኛ) ይህ መኪና በአዲስነቱ ስንት ነበር? ዛሬ የምንከፍለውን ሳይሆን የያኔውን ዋጋ እናስብ፤ የመለዋወጫው ዋጋ ለያኔው ይቀርባልና።
2ኛ) የፍሬን ሸራው፥ ጎማው፥ ሾክ አብዞርበሩና የፊት መብራቱ በገበያ አሉን? እያንዳንዳቸው ስንት ናቸው?
3ኛ) ይህን ዓይነት መኪና የሚያውቅ፥ የኮምፒዩተር መመርመሪያም ያለው ጋራዥ በአቅራቢያችን ይገኛልን?
4ኛ) የዘይትና የጥገና መዝገቡ ተጠብቋልን?
5ኛ) ከመግዣው ሌላ ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና የሚሆን ገንዘብ በእጃችን ይቀራልን?

ለአምስተኛው ጥያቄ መልሱ «አይቀርም» ከሆነ መኪናው ምንም ያህል ቢያምር የእኛ አይደለም። አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ የሚባለው ለወጥ ብቻ አይደለም። የክት ልብስ የሚያምረው የዘወትር ልብስ ላለው ሰው ነው፤ የክት አውቶሞቢልም እንዲሁ ነው። ሁለቱንም ለመያዝ አቅም የሌለው ቤተ ሰብ ለዘወትሩ ቢያደላ በመንገድ ላይ ላይደነቅ ይችላል፤ ነገር ግን ሥራውና የልጆቹ ትምህርት ሳይጓደል ካሰበበት ይደርሳል።