ኤም ኤስ እና የምግብ ገበታችን

በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ አንድ በሽታ ለመጻፍ የተነሣነው ያለብንን ዕዳ ለመክፈል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንደኛ ደረጃ የምታስተምር አንዲት ባልደረባችን ከቀትር በኋላ ባሉት ክፍለ ጊዜያት ተቀምጣ ማስተማር ጀመረች። ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ትደገፋለች፤ ጠመኔ ከእጇ ይወድቃል። ከተማሪዎቿ አንዱ «ቲቸር፣ ለምንድን ነው ግድግዳ ይዘሽ የምትሄጂው?» ብሎ ጠየቃት። ልጁ ጠየቀ፤ እኛ ግን አልጠየቅንም። «ጠጥታ ትመጣለች» የሚል ወሬ ሲደርሰን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፈን ሰጠናት። ፈርማ ተቀበለች። በክረምቱ ዕረፍት አዲስ አበባ ሄዳ የጭንቅላትና የአከርካሪ ኤም አር አይ ተነሣች፤ ውጤቱም መልቲፕል ስክለሮሲስ ሆነ። ደብዳቤውን ከማኅደሯ አውጥተን ቀድደነዋል። ይህን ጽሑፍም ከመታተሙ በፊት አንብባ ከስሟ በቀር ሁሉም እንዲወጣ ፈቅዳልናለች።

በሽታው በአጭሩ ኤም ኤስ ይባላል። እዚህ ጅቡቲ ሐኪሞች የሚጠሩት በፈረንሳይኛ «ስክሌሮዝ አን ፕላክ» ብለው ነው፤ በዚህ ስም የገለጸውም ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1868 ነበር። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ስለ ኤሌክትሪክ ገመድ የተማሩትን ያስታውሱ። መዳቡን የሸፈነው ፕላስቲክ ከተላጠ ገመዱ እንደሚገባው አይሠራም። ነርቮቻችንም ማይሊን የሚባል፣ አብዛኛው ስብ የሆነ ልባስ አላቸው። በኤም ኤስ ጊዜ ከተሐዋስያን ሊጠብቀን የተሠራው የሰውነታችን መከላከያ ይህን ልባስ እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃዋል። በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ላይ ጠባሳ ይቀራል፤ መልእክቱ ይዘገያል ወይም መንገድ ላይ ይቀራል። ጠባሳው ያረፈበት ቦታ ስለሚለያይ ምልክቱም ከሰው ሰው ይለያያል፤ የአንዱ ዓይን ይደበዝዛል፣ የሌላው እግር ይደነዝዛል፣ ሌላው ሚዛኑን ይስታል ወይም ሽንቱን መያዝ ያቅተዋል። ብዙዎቹን የሚያመሳስላቸው እንቅልፍ የማያስለቅቀው ድካም ነው። በአብዛኛው የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን ሴቶችን ከወንዶች ቢያንስ በእጥፍ ያጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ዓለም አቀፍ ቆጠራ መሠረት 2.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከበሽታው ጋር ይኖራሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የቡዳም የመተትም ሥራ አይደለም።

ባልደረባችን ከአዲስ አበባ ስትመለስ ይዛ የመጣችው በፍሪጅ የሚቀመጥ መርፌ ነበር። መርፌው ጠባሳውን አያጠፋም፤ አዲስ ጥቃት እንዳይመጣ ይቀንሳል። ከመርፌው ጋር ግን ከየአቅጣጫው ምክርም መጣላት። አንዷ ጎረቤት ጥቁር አዝሙድ በማር አመጣች። ሌላዋ የተልባ ውኃ ብቻ ጠጪ አለች። በስልክ የሚዘዋወር ቪዲዮ ደግሞ እህል የሚባል ነገር ሁሉ ይቅርብሽ፣ መድኃኒትም አያስፈልግሽም አላት። ሁሉም ያሉት ከፍቅር ነው። እርሷም ጥሬ አትክልትና ተልባ ላይ ሆና መርፌውን ለሦስት ወር ተወች። ኪሎዋ ቀነሰ፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ግን ቀለል ብሏት ስለነበር እኛም «ጎበዝ፣ በርቺ» ብለናት ነበር። በአራተኛው ወር በግራ ዓይኗ ማየት አቃታት። በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ወስዳ የተመለሰላት እይታ ሙሉ አይደለም፤ ዛሬም ቀይ ቀለም በዚያ ዓይን የደበዘዘ ሆኖ ነው የሚታያት።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ምግብ ለኤም ኤስ ምን ያደርጋል፣ ምንስ አያደርግም?

በዚህ ነገር ብዙ የደከመው ሮይ ስዋንክ የተባለ የነርቭ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጥናት፣ ኖርዌይ ውስጥ ወተትና ቅቤ በብዛት በሚበሉ የመሀል አገር ገበሬዎች ዘንድ በሽታው ከባሕር ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች ይልቅ በብዛት እንደሚታይ አሳየ። በኋላም 144 ሕሙማንን የቅቤና የሥጋ ስብ በጣም ያነሰበት ምግብ እያስበላ ለ34 ዓመታት ተከታተለ፤ በ1990 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በቀን ከ20 ግራም ያልበለጠ ስብ የበሉት የተሻለ ጤና እንደነበራቸው ጻፈ። ነገሩ ያጓጓል። የሳይንስ ክበብ ተማሪዎቻችን ግን እዚህ ላይ እንዲያቆሙና እንዲጠይቁ እንፈልጋለን። ከእነዚህ ሰዎች ጎን ለጎን የለመደውን የሚበላ፣ በዕጣ የተመረጠ ሌላ ቡድን ነበረ ወይ? አልነበረም። ሕመሙ የበረታባቸው ሰዎች ምግቡን ቀድመው ትተውት ከሆነስ? እንዲህ ከሆነ ምግቡ ጤናቸውን ጠበቀው ከማለት ይልቅ ጤናቸው ምግቡን አስጠበቃቸው ማለት ይቀላል።

ሁለተኛዋ ራሷ ሕመሙ ያለባት አሜሪካዊቷ ሐኪም ቴሪ ዋልስ ናት። የእርሷ ገበታ የስዋንክ ተቃራኒ ሊባል ምንም አይቀረው፤ ሥጋ ይፈቅዳል፣ እህልና ጥራጥሬን ይከለክላል። በእኛ አነጋገር እንጀራና ሽሮ የለም ማለት ነው። ሁለቱን ምግቦች ጎን ለጎን ያወዳደረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል፤ በሁለቱም ቡድን ያሉት ሰዎች ድካማቸው ቀንሶላቸዋል። እንደ ልማዱ የሚበላ ሦስተኛ ቡድን ግን አልነበረም። እኛ ከዚህ የምንረዳው፣ የጠቀመው እህል መከልከሉ ወይም ሥጋ መከልከሉ ሳይሆን ሁለቱ የተስማሙበት ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ አትክልት መብዛቱ፣ ስኳርና የፋብሪካ ምግብ መቀነሱ። የዓሣ ዘይት እንክብልም ኖርዌይ ውስጥ በሚገባ ተሞክሮ በሽታውን አለማስቆሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ተዘግቧል። መድኃኒትን የሚተካ ምግብ እስከ ዛሬ አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ሦስት የኤም ኤስ መድኃኒቶችን በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህ ማለት ግን ወጥ ቤቱ ሥራ የለውም ማለት አይደለም። በሽታውን ባያስቆምም በየቀኑ የሚያሠቃዩትን ምልክቶች ማቅለል ይችላል።

በሆድ ድርቀት እንጀምር። ሰው ስለሚያፍር አይናገረውም እንጂ ብዙ የኤም ኤስ ሕሙማንን የሚያስቸግር ነው፤ የአንጀት ነርቮች ይዘገያሉ፣ እንቅስቃሴም ያንሳል። እዚህ ከተማ ጠዋት ነጭ ዳቦ፣ ቀን ሩዝ፣ ማታ ፓስታ መብላት ቀላል ነው፤ ሦስቱም አሰር የላቸውም ማለት ይቻላል። ባልደረባችን ወደ ጤፍ እንጀራ፣ ምስር፣ ሽሮና ጎመን ተመለሰች፤ ተልባውንም አልጣለችውም፣ ቆልታና ወቅጣ በብዙ ውኃ በጥብጣ ጠዋት ትጠጣዋለች። ውኃው የግድ ነው፤ አሰር ያለ ውኃ ድርቀቱን ያብሰዋል።

ውኃ ስንል ወደ ፊኛ እንመጣለን። ሽንት የሚያጣድፈው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ውኃ መቀነስ ነው። ክፍል ውስጥ 40 ልጆች ፊት ለምትቆም መምህርት ይህ ይገባናል። ግን ሽንቱ ሲወፍር ፊኛውን ይበልጥ ያስቆጣል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል፤ ኢንፌክሽን ደግሞ ትኩሳት አምጥቶ የኤም ኤስን ምልክቶች ሁሉ ያባብሳል። የሚሻለው ውኃውን በቀኑ ውስጥ አከፋፍሎ መጠጣትና ወደ መኝታ ሰዓት መቀነስ ነው። ለእርሷ የከበዳት የቡናው ነገር ነበር። አንድ ደብተር አበጅታ የበላችውንና የጠጣችውን፣ ስንት ጊዜም እንደተቸገረች ለሦስት ሳምንት ጻፈች። ጥፋተኞቹ ቡናና ለስላሳ መጠጥ ሆነው ተገኙ። አሁን አቦልን ጠጥታ ቶናና በረካን ለእንግዶች ትተዋለች። ሁሉን በአንድ ቀን ከመተው ይልቅ አንዱን ትቶ ለሁለት ሳምንት ማየት ይሻላል፤ ያለዚያ የቱ እንደጎዳ አይታወቅም።

ከሁሉ የከፋው ግን የጅቡቲ ሙቀት ነው። የሰውነት ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ያህል እንኳ ሲጨምር በተላጠው ነርቭ ላይ መልእክቱ ይዳከማል፤ ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ኡህትሆፍ ይህን ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ ሰውየው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ አዲስ ጠባሳ አይደለም። ከቀትር በኋላ «ሰነፈች» ያልናት ለዚህ ነበር። ስለዚህ ወጡ የሚሠራው ጠዋት በቀዝቃዛው ሰዓት ነው፤ ሽንኩርት ተቀምጦ ይከተፋል፤ ለሦስት ቀን የሚሆን ቁሌት በአንድ ጊዜ ተሠርቶ ይቀመጣል። ከሚያስተኛ ትልቅ ምሳ ይልቅ ትንሽ ትንሽ ደጋግሞ መብላት፣ ከጎንም ቀዝቃዛ ውኃ ማኖር ይረዳል። ወላጆች፣ ስለ ጫትም ዝም ብለን አናልፍም፤ ቀትር ላይ ከተማው ሁሉ የሚጠብቀው ቅጠል ለጊዜው ያነቃ ይመስላል እንጂ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል፣ የሌሊቱን እንቅልፍ ይወስዳል። ለደከመ ነርቭ ከዚህ የባሰ ብድር የለም።

ለአጥንት ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ ለጥቃት ጊዜ የሚሰጠው ስቴሮይድም፣ መራመድ መቀነሱም አጥንት ያሳሳሉና። ፀሐይ በሞላበት አገር ቫይታሚን ዲ እንዴት ያንሳል ትሉ ይሆናል። ከፀሐይ ሸሽተን በቤት ውስጥ የምንውል ስለሆንን ያንሳል። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ እንክብሉን ያለ ሐኪም በብዛት መዋጥ ግን ካልሲየምን በደም ውስጥ አብዝቶ ኩላሊት ይጎዳል። ደገኞች ነንና ዓሣ ብዙም አንለምድም፤ ይሁንና ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በየቀኑ የሚወጣ ዓሣ በእጃችን ነው። ስብ ያላቸው ዓሣዎች ቫይታሚን ዲም አላቸው፤ ባይፈውሱም በጮማ ምትክ ቢበሉ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለባቸውም።

ስለ ጾም ብዙ ወላጆች ጠይቀውናል። አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾም ክርስቲያን ከዓመቱ ግማሽ ገደማ ከእንስሳት ተዋጽኦ ይለያል። አትክልቱና ጥራጥሬው መልካም ነው፤ ነገር ግን ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ እጥረቱም እግር ያደነዝዛል፣ ሚዛን ያስታል፣ ኤም ኤስ ራሱን ይመስላል። ስለዚህ ይመርመሩ። በረመዳን የሚጾሙ ደግሞ መድኃኒቱ የሚወሰድበትን ሰዓትና የውኃውን ነገር ወሩ ከመግባቱ በፊት ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበት። በሁለቱም እምነት ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ፤ ንስሐ አባትዎን ወይም ሼኽዎን ያማክሩ።

ለመዋጥ የሚቸገር ሰው ካለ ቆሎና ደረቅ ዳቦ ይቅሩ፤ ገንፎ፣ አጥሚት፣ የተፈተፈተ እንጀራ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ይብላ። ሳል ከበዛ ለሐኪም መንገር ነው።

ለታላላቆቹ ተማሪዎቻችን አንድ ቃል እንጨምራለን። በጉርምስና ዕድሜ ከልክ ያለፈ ውፍረትና ሲጋራ በኋላ በኤም ኤስ የመያዝን ዕድል እንደሚጨምሩ በብዙ ጥናት ታይቷል። የትምህርት ቤታችን ሱቅ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ለስላሳን በቀዝቃዛ ውኃ የተካው ስለዚህም ጭምር ነው። ቅር ያላችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን።

ባልደረባችን ዛሬ መርፌዋን አልተወችም፤ መብራት ሲጠፋ በረዶ የሞላ ማቀዝቀዣ ሣጥን ጎረቤት አላት። የምታስተምረው ምድር ቤት ባለው ክፍል ሲሆን ክፍለ ጊዜዋ ሁሉ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ያልቃል። ያ ግድግዳውን የጠየቃት ልጅ አሁን ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ጠዋት ጠዋት የውኃ ፔርሙዝዋን የሚሞላላት እርሱ ነው። የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ስታነብ አንድ ነገር ብቻ አሳረመችን። «በደብተሬ ላይ በርበሬ ምንም አላደረገኝም» አለች፤ «ሰው ሁሉ ተዪው ሲለኝ ነው የከረመው፤ አልተወችውም ብላችሁ ጻፉ።»