ግሌንዳ ጃክሰን፦ ትወና እንደ ሥራ

በዚህ የጥናት ጽሑፍ የምንመለከተው የእንግሊዛዊቷን የመድረክና የቴሌቪዥን ተዋናይት የግሌንዳ ጃክሰንን ሕይወት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል። መነሻ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ትወና የተሰጥኦ ጉዳይ ብቻ ነውን? ወይስ እንደማናቸውም ሙያ በድካም የሚገኝ ሥራ?

፩. አስተዳደግ

ግሌንዳ በ1936 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው በበርከንሄድ የወደብ ከተማ ተወለደች። አባቷ ግንበኛ፣ እናቷ ደግሞ የሰው ቤት የምታጸዳ ሴት ነበረች። ግሌንዳም ትምህርቷን በአፍላ ዕድሜዋ ትታ በአንድ የመድኃኒት መደብር ሁለት ዓመት ያህል ተቀጥራ ሠራች። በ1954 ለንደን በሚገኘው ንጉሣዊ የድራማ ጥበብ አካዳሚ ለመማር ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘች።

ሆኖም ሙያውን መማሯ ወዲያው እንጀራ አላስገኘላትም። ሁለት ዓመት ያህል የትወና ሥራ አጥታ በምግብ ቤት አስተናጋጅነትና በመሳሰለው ሥራ ኖራለች። ተሰጥኦዋ ያኔም አብሯት ነበር፤ የጎደላት የምትሠራበት መድረክ ነበር።

፪. መድረክና ቴሌቪዥን

በ1964 የሮያል ሼክስፒር ኩባንያ አዘጋጅ ፒተር ብሩክ የፒተር ቫይስን «ማራ/ሳድ» ለመድረክ አበቃ። ተውኔቱ የአእምሮ ሕሙማን የፈረንሳዩን አብዮተኛ የማራን አገዳደል ሲያሳዩ የሚያቀርብ ነው። ስለዚህ ግሌንዳ የተጫወተችው ገዳይቱን ሻርሎት ኮርዴን ብቻ ሳይሆን፣ ኮርዴን ለመጫወት የምትታገለውን በሽተኛም ጭምር ነበር። ሳድን በምትገርፍበት ትዕይንት ጅራፍ አልያዘችም፤ የምትገርፈው በራሷ ጠጉር ነበር።

በ1971 ቢቢሲ ባቀረበው «ኤልሳቤጥ አር» በተባለ ባለስድስት ክፍል ድራማ ቀዳማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥን ከወጣትነት እስከ እርጅና ተጫውታለች። ንግሥቲቱን ለመምሰል የፊት ጠጉሯን ተላጭታ ነበር። በዚሁ ሥራ ሁለት የኤሚ ሽልማቶች አገኘች። በፊልምም ሁለት ጊዜ ኦስካር ተሸልማለች፤ ሽልማቱን ለመቀበል ግን በሁለቱም ሥነ ሥርዓቶች ላይ አልተገኘችም።

፫. ከመድረክ ወደ ፓርላማ

በ1992 የሠራተኛ ፓርቲ ተወካይ ሆና ለሕዝብ እንደራሴነት ተመረጠች፤ ትወናንም ተወች። ከ1997 እስከ 1999 በትራንስፖርት ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር ነበረች። በ2003 የኢራቅ ጦርነት በተጀመረ ጊዜ የገዛ ፓርቲዋን መንግሥት ተቃውማለች። በ2010 ምርጫ ያሸነፈችው በ42 ድምፅ ብልጫ ብቻ ነበር። በ2015 በፈቃዷ ከፓርላማ ወጣች።

፬. መመለስ

በ2016፣ በ80 ዓመቷ፣ ለንደን ውስጥ በኦልድ ቪክ ቲያትር የወንዱን የንጉሥ ሊርን ድርሻ ተጫወተች። ይህ ድርሻ ሦስት ሰዓት የሚያህል ጉልበትና ትንፋሽ ይጠይቃል። በ2018 የቶኒ ሽልማት አገኘች። በ2019 ደግሞ በቴሌቪዥን «ኤልሳቤጥ ጠፍታለች» በተባለው ድራማ የማስታወስ ችሎታዋ እየከዳት የጠፋች ጓደኛዋን የምትፈልግ አሮጊት ሆና ቀረበች፤ የባፍታ ሽልማትም ተሰጣት። በሰኔ 2023 በ87 ዓመቷ አረፈች።

ማጠቃለያ

ከዚህ የምንረዳው ተሰጥኦ ያለ ዕድልና ያለ ልፋት ፍሬ እንደማይሰጥ ነው። የግንበኛው ልጅ ያለ ነፃ ትምህርት ዕድል አካዳሚውን ባላየች ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ከመድረክ ርቃ ሊርን የቻለችውም ሙያውን በሚገባ ስለ ሠራችው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ነፃ የትምህርት ዕድል ባይኖር የትኞቹ ከያንያን ይቀሩብን ነበር?
2. ከያኒ ወደ ፖለቲካ ሲገባ ሙያውን መተው አለበትን?
3. ሴት ተዋናይ የወንድ ድርሻ ስትይዝ ተመልካቹ ምን አዲስ ነገር ያያል?