የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድን በራስ እጅ መለወጥ

የላፕቶፕ ስክሪን በመስመሮች ሲሞላ በቅድሚያ ከውጭ ሞኒተር ጋር ማገናኘት ይገባል። በዚያም ምስሉ ከተበላሸ ጥርጣሬው በግራፊክስ ካርዱ ላይ ይጠነክራል።

ጉዳቱ ከየት ይመጣል? ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ሲሊከን የርዝመቱን 3 ሚሊዮንኛ ያህል ሲለጠጥ፣ የተቀመጠበት ሰሌዳ ግን 17 ሚሊዮንኛ ገደማ ይለጠጣል። ሙቀቱ በ60 ዲግሪ ቢጨምር፣ ከቺፑ መሐል 10 ሚሊሜትር ርቆ የሚታየው ልዩነት፦

10 ሚ.ሜ × 14 ሚሊዮንኛ × 60 = 0.0084 ሚ.ሜ

ይህን የሚሸከሙት ጥቃቅን የብየዳ ነጥቦች ናቸው። ማሽኑ በበራና በጠፋ ቁጥር እየደከሙ ሄደው ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ ካርዱን በምድጃ ማሞቅ ቢሠራም ለጊዜው ብቻ ነው።

በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ቺፑ ከዋናው ሰሌዳ ጋር የተበየደ በመሆኑ በቤት አይለወጥም። ኤምኤክስኤም የተባለው ተነቃይ ካርድ ግን ይለወጣል፤ ምትኩ ከላፕቶፑ ሞዴል ጋር መስማማቱ አስቀድሞ ይረጋገጥ።

1. ቻርጀሩ ይነቀል፤ ባትሪው ይውጣ።
2. በሰውነት ላይ የተጠራቀመው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ከመሬት ጋር የተያያዘ ብረት በመንካት ይወገድ።
3. አሮጌው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ተጠርጎ አዲሱ በስሱ ይቀባ።
4. ብሎኖቹ በሰያፍ፣ ተራ በተራ ይጥበቁ።
5. የማራገቢያው አቧራ ይጽዳ።

ሙቀቱ መውጫ ካላገኘ አዲሱም ካርድ የአሮጌውን ዕጣ ይከተላል።