ምዕራፍ 7፦ የዛሬዋ ካሬ

የሰው መልክ የማይያዝለት ሰው ዕድሜውን ሙሉ መልክ ሲሥል ኖረ ቢባል ያምናሉ? አሜሪካዊው ሠዓሊና የሕትመት ጥበብ ባለሙያ ቸክ ክሎዝ የሚያውቀውን ሰው እንኳ በመልኩ መለየት ይቸግረው ነበር። ሐኪሞች ይህን ፕሮሶፓግኖዥያ ይሉታል። ፎቶግራፍ ላይ የሰፈረ ፊት ግን አይጠፋውም ነበር። ስለዚህ የሚሥለውን ሰው ፎቶ ያነሣ ነበር፤ ፎቶውን በካሬ በካሬ ያሰምር ነበር፤ ሸራውንም እንዲሁ። ከዚያ አንዷን ካሬ ወደ አቻዋ ያሻግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የጨረሰው የራሱ ምስል ቁመቱ 2.7 ሜትር ያህል ነው። የተሣለው ግን “ዓይን”፣ “አፍንጫ” እየተባለ ሳይሆን ይህ ጥግ ጠቆር፣ ያ ጥግ ነጣ እየተባለ ነው።

በ1972 ካሊፎርኒያ በሚገኘው ክራውን ፖይንት ፕሬስ “ኪት” የተባለውን ፊት በሜዞቲንት ለማተም ተነሣ። በዚህ ስልት የብረት ሰሌዳው ገጽ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይሻክራል፤ ሻካራው ቀለም ስለሚይዝ ጥቁር ያትማል። ብርሃን የሚፈለግበት ቦታ እየተፋቀ ይለሰልሳል። ክሎዝ ከአፍ አካባቢ ጀመረ። ለሙከራ ደጋግሞ ሲያትም ግን ያ ክፍል ተበልቶ ነጣ፤ ካሬዎቹም አፍጥጠው ወጡ። ሌላ ሰው ሰሌዳውን ይጥለው ነበር። እሱ ግን እንዳለ ተወው፤ ከዚያ ወዲህ ካሬው የሥራው መለያ ሆነ።

በታኅሣሥ 1988 የአከርካሪው ደም ሥር ታውኮ ሰውነቱ ሽባ ሆነ። ከተሽከርካሪ ወንበር ላይ፣ ብሩሹን እጁ ላይ አስሮ ቀጠለ። የዚያን ዘመን ሥራዎቹን ቀረብ ብሎ ላየ በየካሬው የቀለም ክብና ቀለበት ብቻ ነው። ራቅ ሲሉ ዓይን ያይዎታል።

ሰውየው ግን በሁሉ ነገር አርአያ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በርካታ ሴቶች በጾታዊ ትንኮሳ ወቅሰውታል። እዚህ የምንወስደው ትልቁን ሥራ በካሬ በካሬ የመከፋፈል አሠራሩን ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሎሚውን የሚካፈል ሰው ሲጠፋ ለሃምሳ ቀን ማካፈል ይቻላል።

መልመጃ፦ ያስፈራዎትን ሥራ ይምረጡ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የተከማቸ ዕዳ ሊሆን ይችላል። ወረቀት ላይ 30 ካሬ ያስምሩ። በእያንዳንዷ ውስጥ አንዴ ቁጭ ብለው የሚጨርሱትን ብቻ ይጻፉ። “ጽሑፉን መቀጠል” ካሬ አይደለም፤ “የገጽ 4ን ሠንጠረዥ ማረም” ግን ካሬ ነው። ያለቀውን ያጥቁሩ። አንዷ ነጥታ ብትቀር ሰሌዳውን አይጣሉ።