ከተማችንን ስንመዝን፦ ምን ደስ ይለናል? ምን ይከብደናል?



በዚህ እትም የምናጠናው ስለምንኖርበት ከተማ ነው። ብዙዎቻችሁ ወደ ሩዋሓ ቢሮ ስትመጡ «ልጆቼ እኛ ጋ ግቢ ይሉኛል፤ እኔ ግን ሰፈሬን መተው አልፈልግም» ትላላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ «እዚህ መኖር ሰልችቶኛል፤ ግን የት ልሂድ?» ትላላችሁ። ሁለቱም ትልቅ ጥያቄ ነው። ትልቅ ጥያቄ ደግሞ በተናደድንበት ቀን አይመለስም፤ በተደሰትንበት ቀንም አይመለስም። ተመዝኖ ነው የሚመለሰው።

ስለዚህ ዛሬ ሚዛን እንያዝ። በአንድ በኩል ደስ የሚለንን፣ በሌላ በኩል የሚከብደንን እናስቀምጥ። ከዚያ የሚከብደን ነገር በየትኛው በር እንደሚፈታ እንይ። መጨረሻ ላይ በሞአዶን ተቀምጣችሁ የምትነጋገሩባቸው ጥያቄዎች አሉ።

1. መካከለኛ ከተማ ማለት ምን ማለት ነው?

ረሖቮትን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በ1890 ትንሽ የእርሻ መንደር ሆና ተመሠረተች፤ በ1950 ከተማ ተባለች፤ ዛሬ ወደ 150,000 ሰው ይኖርባታል። ድሮ በብርቱካን እርሻ ነበር የምትታወቀው። አሁን ደግሞ በ1934 የተጀመረው የቫይዝማን የሳይንስ ተቋም አለባት። በከተማዋ አርማ ላይ ብርቱካን፣ መጽሐፍና ማይክሮስኮፕ ተስለዋል።

ስሟን ግን እናንተ ከኦሪት ታውቁታላችሁ። የይስሐቅ ሎሌዎች ጉድጓድ ሲቆፍሩ በመጀመሪያው ጠብ ተነሣ፤ በሁለተኛውም ጠብ ተነሣ። በሦስተኛው ማንም ስላልተጣላቸው ይስሐቅ «ረሖቮት» አለው፤ ሰፊ ቦታ ማለት ነው። የዛሬው ጥያቄያችንም ይኸው ነው፦ በከተማችን ውስጥ ለእኔ ሰፊ ቦታ አለኝ ወይ?

ወደ እንዲህ ያሉ ከተሞች እንዴት እንደመጣን አስታውሱ። በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጣው ሰው መጀመሪያ የገባው መርካዝ ክሊታ፣ ሆቴል ወይም ካራቫን ነበር። በ1990ዎቹ መንግሥት ልዩ ማሽካንታ ሲሰጥ ብዙ ቤተሰብ ቤት ገዛ። ገንዘቡ የሚበቃው ደግሞ ለአሮጌ ሺኩን ነበር። ዘመድ በገዛበት ዘመድ ተከተለ። በረሖቮት ቂርያት ሞሼ፣ እንዲሁም በነታንያ፣ በአሽዶድና በሌሎች ከተሞች የእኛ ሰው በአንድ ሰፈር የበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህንን ልብ በሉት። የምንወደውና የምንማረርበት ነገር ከአንድ ምንጭ ነው የወጣው። ዘመድ ጎን ለጎን የሆነው ቤቱ ርካሽ ስለነበረ ነው፤ ቤቱ ርካሽ የነበረው ደግሞ አሮጌ፣ ደረጃው ብዙ፣ አሳንሰር የሌለው ስለሆነ ነው። ስለዚህ አንዱን ጥሎ ሌላውን መያዝ ሁልጊዜ ቀላል አይደለም።

2. ደስ የሚለን

አንደኛ፣ ሰው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ትሉ የለ? ለቅሶ ሲሆን በእግር ይደረሳል። በሰንበት መኪና ሳይነዳ ምኩራብ ይኬዳል። ቄሶችንና ሽማግሌዎችን ለማግኘት ቀጠሮ አያስፈልግም። አንዲት እናት ሁለት ቀን መስኮቷን ካልከፈተች «ምን ሆነች?» ብሎ የሚያንኳኳ አለ። በሙያዬ የምነግራችሁ፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ብቻውን ለሚኖር ሽማግሌ የሚያንኳኳ ጎረቤት እንደ መድኃኒት ነው።

ሁለተኛ፣ ቅርበት። ገበያው፣ ኩፓት ሖሊሙ፣ ፖስታ ቤቱ ሩቅ አይደለም። ረሖቮት ውስጥ ካፕላን ሆስፒታል እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። እንጀራው፣ በርበሬው፣ ሽሮው ከሰፈር ሱቅ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ ልክ ነው። ከተማው ለልጅ ልጆች ትምህርትና ሥራ እንዲኖር ይበቃል። ሆኖም ሰው እንዲጠፋበት ያህል አልተለቀቀም። በባቡርም በአውቶቡስም ወደ ቴል አቪቭ ይኬዳል። ለአረጋውያን በሕዝብ ማመላለሻ ላይ መብት አለ። ራቭ ካቭ ካርዳችሁ ላይ ዕድሜያችሁ በትክክል መመዝገቡን ብቻ አረጋግጡ።

3. የሚከብደን

ደረጃ። በ30 ዓመታችሁ ሦስተኛ ፎቅ ስትገዙ ደረጃው ምንም አልነበረም። ዛሬ ጉልበት ሲያም ሰው ቤቱ ውስጥ እስረኛ ይሆናል። «ገበያ መውጣት ትቻለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ገበያውን ጠልቶ አይደለም፤ ደረጃውን ፈርቶ ነው።

መጠለያ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ በፊት በተሠሩ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ማማድ የለም። በሰኔ 2025 ከኢራን ሚሳይል ሲተኮስ ረሖቮትም ተመትታ ነበር። ያን ጊዜ ሚክላት ለመድረስ ደረጃ መውረድ ያቃታቸውን ሰዎች እናስታውሳለን። ይህ ምቾት አይደለም፤ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የእግረኛ መንገድ። የተሰባበረ ድንጋይ፣ የማይበራ መብራት፣ በእግረኛ መንገድ ላይ ከኋላ ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣ ኮርኪኔትና የኤሌክትሪክ ብስክሌት። በእናንተ ዕድሜ መውደቅ ማለት ሆስፒታል ማለት ሊሆን ይችላል።

ቋንቋ። ደብዳቤው በዕብራይስጥ፣ ቀጠሮው በስልክ መተግበሪያ። ከዚያ የአሥር ዓመት ልጅ የአያቱን በሽታ ለሐኪም ይተረጉማል። ይህ ለአያትም ለልጅም ከባድ ነው፤ ትክክልም አይደለም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ሕክምና የሚሰጡ ተቋማት በቋንቋ በኩል አገልግሎታቸውን ለሁሉም ተደራሽ ማድረግ አለባቸው። ቀጠሮ ስትይዙ «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ልመና አይደለም፤ መብት ነው።

የልጆች መራቅ። ለአገሩ መሐል በቀረቡ ከተሞች የቤት ዋጋ ስለናረ ወጣት ባልና ሚስት ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ። እናት ትቀራለች። ሰፈሩ በዘመድ የተሞላ ሆኖ ሳለ የራስ ልጅ ግን ሩቅ ነው።

4. ሦስቱ በሮች

አሁን የሚከብደንን ሁሉ በሦስት እንክፈለው። ይህን ካላደረግን ሁሉም ነገር አንድ ላይ ተቆልሎ «ይህ ከተማ አይረባም» ያሰኘናል።

የመጀመሪያው በር የቤታችን በር ነው። የመታጠቢያ ቤት መያዣ ብረት፣ የምታንሸራትት ምንጣፍ ማንሳት፣ ከመሬት ፎቅ ጎረቤት ጋር «ሲረን ሲጮኽ እኔን ጥራኝ» ብሎ መስማማት። የደረጃው መብራትና መደገፊያ የቫአድ ባይት ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው በር ማዘጋጃ ቤት፣ ዒሪያ ነው። መንገድ፣ መብራት፣ ቆሻሻ፣ የሕዝብ ሚክላት፣ አርኖና፣ እኛም የሩዋሓ ሠራተኞች በዚህ በር ውስጥ ነን። ለምሳሌ አርኖናን እንይ። የእርጅና ቂጽባ የሚቀበል ሰው እስከ 25 በመቶ፣ ከቂጽባው ጋር ሃሽላማት ሃኽናሳ የሚቀበል ደግሞ እስከ 100 ሜትር ካሬ ድረስ እስከ 100 በመቶ ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል። የሚከፈላችሁንና የምትከፍሉትን ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንይ።

ሦስተኛው በር መንግሥት ነው። ቂጽባና ግምላት ሲዑድ በቢቱዋሕ ለኡሚ በኩል ነው፤ ስልኩ ኮከብ 6050 ነው። የሩዋሓ ሚኒስቴር መስመር 118 ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው በር መሐል አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ፤ ፒኑይ ቢኑይ። አሮጌው ሕንፃ ፈርሶ አዲስ ይሠራል ማለት ነው። አሳንሰርና ማማድ ይመጣል፤ ደስ ይላል። ግን ለጥቂት ዓመታት ከቤት መውጣት አለ፤ በአዲሱ ሕንፃም የቫአድ ባይት ክፍያ ከፍ ይላል። ከቤት ባለቤቶቹ ሁለት ሦስተኛው ከተስማሙ በኋላ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ያለ ሰው ሊከሰስ ይችላል። በሌላ በኩል ሕጉ ለአረጋዊ ባለቤት ልዩ ምርጫዎችን ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ በር ላይ ሲመጣ፣ አማርኛ ተናጋሪም ቢሆን፣ የእኛ ሰውም ቢሆን፣ እዚያው በር ላይ አትፈርሙ። «ወረቀቱን ተውልኝ፤ ከልጄና ከጠበቃ ጋር አየዋለሁ» በሉ። ይህን መስማት የማይፈልግ ሰው ካለ፣ ያን ጊዜ ይበልጥ ተጠንቀቁ።

5. አቤቱታ እንዴት ይቀርባል?

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በአገር ቤት ጥበብ ነው። ዒሪያ ውስጥ ግን ዝም ያለ ሰው አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ ጉድጓድ ደግሞ አይደፈንም። የማዘጋጃ ቤት መስመር 106 ነው። ስትደውሉ አራት ነገር ያዙ፦

አንድ፣ ቦታው የት ነው? መንገዱንና የቤቱን ቁጥር።
ሁለት፣ ችግሩ ምንድን ነው? በአንድ ዓረፍተ ነገር።
ሦስት፣ ከመቼ ጀምሮ ነው? ሰው ወድቆበት ከሆነም ተናገሩ።
አራት፣ የአቤቱታው ቁጥር ስንት ነው? በዕብራይስጥ «ማ ሚስፓር ሃፕኒያ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቁጥሩንና ቀኑን በደብተር ጻፉ። ካልተሠራ በዚያው ቁጥር እንደገና ደውሉ። ቋንቋ ካስቸገረ «ዬሽ ሚሼሁ ሼመዳቤር አምሃሪት?» በሉ፤ አማርኛ የሚናገር ሰው አለ ወይ ማለት ነው። ከሌለ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ እኛ ኑ። ደግሞ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና፣ ስለ አንድ መብራት አሥር ሰው ቢደውል ይሻላል።

6. ልሂድ ወይስ ልቅር?

ልጆቻችሁ «እኛ ጋ ኑ» ሲሉ ከፍቅር ነው። ፍቅር ስለሆነ ብቻ ግን ቶሎ «እሺ» አይባልም፤ ቶሎ «እምቢ»ም አይባልም። እነዚህን አምስት ጥያቄዎች መልሱ፦

ልጄ ሥራ ሲሄድ ከጠዋት እስከ ማታ ማንን አነጋግራለሁ?
ሐኪም ጋ ብቻዬን መድረስ እችላለሁ?
በሰንበት በእግሬ የምሄድበት ምኩራብ አለ?
ልቤ ቢያመኝ በሩን የሚያንኳኳ ማን ነው?
ካልተስማማኝ የምመለስበት ቤት አለኝ?

የመጨረሻው በጣም አስፈላጊ ነው። በመንግሥት ኪራይ ቤት፣ በአሚዳር ወይም በሌላ የምትኖሩ ከሆነ ቁልፍ ከማስረከባችሁ በፊት ጠይቁን። ቤታችሁን ለመሸጥም አትቸኩሉ። ከተቻለ መጀመሪያ ለጥቂት ሳምንት እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ነዋሪ ኑሩበት፤ ራሳችሁ ገበያ ሂዱ፣ ራሳችሁ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሌላም አለ። ወደ ሌላ ከተማ ስትሄዱ አድራሻ በሚስራድ ሃፕኒም መቀየር አለበት፤ የአርኖና ቅናሽም በራሱ አይከተላችሁም፤ በአዲሱ ከተማ እንደገና ይጠየቃል። በሩዋሓ በኩልም የሚረዳችሁ የአዲሱ ከተማ ቢሮ ይሆናል። ከመሄዳችሁ በፊት ከነገራችሁን፣ እኛ እዚያ ላሉት አስቀድመን እንነግራለን።

ለመቅረት ከወሰናችሁ ደግሞ መቅረት ማለት እንደነበረው መቀጠል ማለት አይደለም። ወደ ታችኛው ፎቅ መቀየር ይቻል እንደሆነ፣ ረዳት ሊመጣ ይችል እንደሆነ፣ ልጆች በተራ የሚመጡበት ቀን ሊወሰን ይችል እንደሆነ እንነጋገር። ለልጆቻችሁም «አልመጣም» ብቻ አትበሉ፤ «ለመቅረት ይህን ይህን እፈልጋለሁ» በሏቸው። ያን ጊዜ የሚረዱበትን መንገድ ያገኛሉ።

7. ለውይይት

በሞአዶን ቡና ሲጠጣ እነዚህን አንሱ፦

ሰፈራችሁ ውስጥ ቢጠፋ በጣም የምትናፍቁት አንድ ነገር ምንድን ነው?
ሳምንቱን ሙሉ የሚከብዳችሁ አንድ ነገርስ? በየትኛው በር ይገባል?
ሲረን ሲጮኽ ብቻውን የሚቀር ጎረቤት ታውቃላችሁ? ማን ይጠራዋል?
ከልጆቻችሁ ጋር ስለ መኖሪያ ቤት የተነጋገራችሁት መቼ ነው?

መልሳችሁን ጻፉት፤ መጻፍ ለሚከብደው ጎረቤቱ ይጻፍለት። ወረቀቱን ይዛችሁ ስትመጡ የእኛም ሥራ ይቀላል። ከተማውን ከእኛ ይልቅ የምታውቁት በየቀኑ በእግራችሁ የምትሄዱበት እናንተ ናችሁና።