ጎልዌይ፤ የምዕራብ አየርላንድ ወደብና አገሯ

የአውሮፓን ካርታ ዘርግቶ በጣቱ ወደ ምዕራብ የሚከተል ተማሪ የብሪታንያን ደሴት ካለፈ በኋላ አየርላንድን ያገኛል። የዚህች ደሴት ምዕራባዊ ጠረፍ አትላንቲክ ውቅያኖስ እየገባበት እጅግ የተቈራረጠ ነው። ከባሕረ ሰላጤዎቹም በአንደኛው ዳር፥ የኮሪብ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ስፍራ፥ ጎልዌይ የምትባለው ከተማ ትገኛለች። የሕዝቧ ቍጥር ከ80,000 ጥቂት ያልፋል። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

የኮሪብ ወንዝ ከሐይቁ ተነሥቶ ባሕር እስኪደርስ ርዝመቱ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ውሃው ብዙ፥ አወራረዱም ኀይለኛ ስለ ሆነ ቀድሞ በከተማው ውስጥ ብዙ ወፍጮዎችን ያዞር ነበር። ሳልሞን የተባለው ዐሣ ከውቅያኖስ ወደ ተወለደበት ውሃ በሚመለስበት ወራት ሰዎች በድልድዩ ላይ ቆመው ዐሣው ወራጁን ውሃ እየታገለ ሲወጣ ይመለከታሉ። ለዚህ ትርዒት የመግቢያ ዋጋ አይከፈልም።

ከተማዋን በ13ኛው መቶ ዓመት የያዟት ኖርማኖች በግንብ አጥረዋት ነበር። በ1484 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ሪቻርድ 3ኛ ከንቲባዋን ራሷ እንድትመርጥ መብት ሰጣት። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት የነጋዴ ቤተ ሰቦች አስተዳደሯን ይዘው ከስፔንና ከፈረንሳይ ወይን ጠጅ እያስመጡ፥ ቈዳና ሱፍ እየላኩ ከበሩ። በወንዙ ዳር የሚታየው «የስፔን ቅስት» የተባለው ግንብ በ1584 ዓ.ም. የተሠራው ወደቡን ለመጠበቅ ነው። በ1755 ዓ.ም. ሊዝቦንን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሣው ማዕበል እስከዚህ ድረስ ደርሶ ከግንቡ ከፊሉን እንደ ጐዳው ይነገራል። ሀብቷ ግን ከዚያ በፊት ቀንሶ ነበር፤ የክሮምዌል ሠራዊት ለወራት ከቧት በ1652 ዓ.ም. እጅዋን ሰጥታለችና።

ከግንቡ ውጭ፥ በወንዙ ማዶ፥ ክላዳ የሚባል የዐሣ አጥማጆች መንደር ነበረ። የሣር ክዳን የነበራቸው ጐጆዎቹ በ1930ዎቹ ፈርሰው በአዲስ ቤቶች ተተክተዋል። ስሙ ግን በቀለበት ላይ ቀርቷል፤ ሁለት እጆች ዘውድ የደፋ ልብ ይዘው የሚታዩበት ይህ ቀለበት የወዳጅነት፥ የፍቅርና የታማኝነት ምልክት ነው። በእኔ አስተያየት ከወደቡ ታሪክ ሁሉ ይልቅ ይህ ትንሽ ነገር የበለጠ ዕድሜ ሳያገኝ አይቀርም።

ዛሬ ጎልዌይ የተማሪና የዘፈን ከተማ ናት። በ1845 ዓ.ም. የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲዋ ብዙ ወጣቶችን ይስባል፤ መኪና በማይገባባቸው ጠባብ መንገዶች ላይ ቫዮሊንና ዋሽንት ይሰማል፤ በሐምሌ መጨረሻ የፈረስ እሽቅድድም፥ በመስከረም ኦይስተር የተባለው ባለ ዛጎል የባሕር ምግብ በዓል አለ። ጎብኚው ግን ዣንጥላና ካፖርት አይርሳ። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 53 ዲግሪ ላይ ሳለች በረዶ እምብዛም የማይጥልባት፥ ከውቅያኖስ የሚመጣው ነፋስ ሙቀትን ይዞ ስለሚገባ ነው፤ ያው ነፋስ ዝናቡንም ይዞ ይመጣል።

በደቡብ በኩል ቡረን የተባለው የኖራ ድንጋይ አምባ አለ። በዚያ ገበሬዎች ከብቶቻቸውን በቅዝቃዜው ወራት ወደ ኰረብታ ያወጣሉ፤ ድንጋዩ የበጋውን ሙቀት ይዞ ስለሚቈይ ሣሩ አይጠፋምና። ከባሕረ ሰላጤው አፍ ላይ ያሉት ሦስቱ የአራን ደሴቶችም የዚሁ ድንጋይ ቍራጭ ናቸው። አፈር ስለሌላቸው የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ከጠረፍ አሸዋና የባሕር ሣር በጀርባቸው ተሸክመው በድንጋዩ ላይ እየደለደሉ፥ ነፋስም እንዳይወስደው ዙሪያውን በካብ እያጠሩ፥ የድንች እርሻ ሠርተዋል። እርሻ ተገኘ ከማለት እርሻ ተፈጠረ ማለት ይሻላል።

በሰሜን ምዕራብ ያለው ኮነማራ ተራራ፥ ሐይቅና ረግረግ ነው። በረግረጉ ውስጥ ውሃ ስለሚቋጥር የሞተ ሣር ፈጽሞ ሳይበሰብስ በሺሕ ዓመቶች ተደራርቦ ጥቍር አፈር ይሆናል፤ ሰዎችም እንደ ጡብ ቈርጠው፥ በነፋስ አድርቀው፥ በምድጃ ያነዱታል። በዚህ ረግረግ ላይ ነበር አልኮክና ብራውን በሰኔ 15 ቀን 1919 ዓ.ም. አትላንቲክን ያለ ማቋረጥ በአይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሻግረው የወረዱት።

ይሁን እንጂ የኮነማራ ውበት ሲነገር ባዶነቱ አብሮ መነገር አለበት። ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ ድንችን የሚያበሰብስ በሽታ ገባ፤ ጭሰኛው ከድንች በቀር ሌላ ምግብ አልነበረውም፤ የሚያመርተው እህል ለባለርስቱ ኪራይ ይከፈልና ወደ ውጭ አገር ይላክ ነበር። እስከ 1852 ዓ.ም. ድረስ በአየርላንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለቀ፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህልም በመርከብ ተሰደደ። በረኀብ ዘመን የተተዉት የድንች መደቦች በየኰረብታው ላይ እስከ ዛሬ ይታያሉ። በእኛ አገር በ1977 ዓ.ም. በኛው አቈጣጠር ረኀብ በጸና ጊዜ ሙዚቀኞችን አስተባብሮ ርዳታ ያሰባሰበው ቦብ ጌልዶፍ አየርላንዳዊ ነበር፤ የአገሩን ታሪክ ላነበበ ሰው ይህ አያስደንቅም።

ረኀቡ የገደለው ሰውን ብቻ አይደለም። አብዛኞቹ የሞቱትና የተሰደዱት በምዕራብ የነበሩ የአይሪሽ ቋንቋ ተናጋሪዎች ስለ ነበሩ ቋንቋውም አብሮ ተመታ፤ የቀሩትም ወላጆች ልጆቻቸው አሜሪካ ሲሄዱ እንዳይቸገሩ ብለው እንግሊዝኛ አስተማሩ። በ1937ቱ ሕገ መንግሥት አይሪሽ የአገሩ የመጀመሪያ ቋንቋ ተብሎ ተደንግጓል፤ በ2022ቱ ቈጠራ ግን ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ የሚናገሩት 72,000 ያህል ብቻ ነበሩ። ቋንቋው በሕይወት ከሚገኝባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ኮነማራ ነው። ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ራዲዮ፥ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቴሌቪዥን ከዚያው አካባቢ በአይሪሽ ያስተላልፋሉ። በበጋው ዕረፍት እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች ከየከተማው እየመጡ በባላገሩ ቤት ያድራሉ፤ በምግብ ጊዜም በጨዋታም እንግሊዝኛ መናገር አይፈቀድላቸውም።

በዚያ አገር የመንገድ ምልክቶች በአይሪሽ ብቻ የተጻፉ ስለ ሆኑ፥ ወደ ከተማ የሚመለስ መንገደኛ ጎልዌይ የሚል ጽሕፈት ቢፈልግ አያገኝም። «ጋሊቭ» ተብሎ የሚነበበውን ስም ይከተል።